የወፏ ምሳሌ ቶም ሮቢንሰንን ታከብረዋለች ወይስ ታሳንሰዋለች?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት መጽሐፋችን የሃርፐር ሊ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ነው። እዚህ አሜሪካ ልጆቻችን ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ብዙ ትምህርት ቤት ያስነብባቸዋል። ወላጁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ ልጁ አንብቦት ያልፋል። ስለዚህ በአማርኛ እንከራከርበት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ላላነበባችሁ ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዘመኑ 1930ዎቹ ነው። ቦታው ሜይኮም፣ ደራሲዋ የፈጠረቻት የአላባማ ከተማ። ተራኪዋ ስካውት የምትባል ነጭ ልጅ ናት። አባቷ አቲከስ ፊንች ጠበቃ ነው። ቶም ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ ሜየላ ዩዌል የምትባል ነጭ ወጣት ደፍሯል ተብሎ ይከሰሳል። ዳኛው አቲከስን ጠበቃ አድርጎ ይመድብለታል። ማስረጃው ቶም እንዳላደረገው ያሳያል። ፍርዱን ለመስጠት ከሕዝቡ የተመረጡት አሥራ ሁለት ነጭ ወንዶች (ጁሪው) ግን ጥፋተኛ ይሉታል። ቶም ከእስር ቤት ሊያመልጥ ሲሮጥ ጠባቂዎቹ ይተኩሱበታል። ሬሳው ላይ 17 የጥይት ቀዳዳ ይገኛል። መጽሐፉ በ1960 ታተመ፤ በ1961 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ።

አሁን ወደ ወፏ። ሞኪንግበርድ የሌሎችን ወፎች ዜማ እየቀዳች የምትዘምር ግራጫ ወፍ ናት። አቲከስ ለልጆቹ የአየር ጠመንጃ ሲገዛላቸው ይህቺን ወፍ መግደል ኃጢአት ነው ይላቸዋል። ጎረቤታቸው ሚስ ሞዲ ምክንያቱን ታስረዳለች። ወፏ የማንንም ጓሮ አታበላሽም። የማንም ጎተራ ውስጥ ጎጆ አትሠራም። ሥራዋ ለእኛ መዘመር ብቻ ነው። ቶም ከሞተ በኋላ ደግሞ የከተማው ጋዜጣ አዘጋጅ አሟሟቱን አዳኞችና ልጆች በከንቱ ከሚፈጇቸው ዘማሪ ወፎች ጋር ያመሳስለዋል። ቶም ወፏ ነው የሚለው ንባብ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔን የሚጎረብጠኝ ይሄ ነው። ወፏ ከጥይት የምትተርፈው አንድም ስለማትጎዳን፣ አንድም ስለምታስደስተን ነው። ታዲያ ጥቁር ሰው በሕይወት እንዲኖር የማይጎዳና ደስ የሚያሰኝ መሆን አለበት? ቶም ቁጡ ቢሆንስ? ነጭ የሚጠላ ቢሆንስ? ባለፈው ዓመት ሰርቆ የታሰረ ቢሆንስ? ያልሠራውን ወንጀል ያው አልሠራውም። ምሳሌው ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቦታ የለውም። በዚያው ንግግር አቲከስ ብሉጄይ የሚባለውን ወፍ ብትችሉ የፈለጋችሁትን ያህል ምቱ ይላቸዋል። ብሉጄይ የሆነው ጥቁር ሰው ማን ይከራከርለት?

ጥያቄዬ ይህ ነው። በዚህች ወፍ ላይ የቆመ መጽሐፍ ልጆች ስለ ዘረኝነት የሚማሩበት ዋናው መጽሐፍ ሆኖ ይቀጥል ወይ?

ከአራት ኪሎ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከባድ ነው፤ ግን መጽሐፉን የጨረስሽው አልመሰለኝም። ማለቴ፣ ወፏ መጨረሻ ላይ የት እንደምታርፍ ተመልከቺ። ስካውት ራሷ በአፏ ወፏን የምትጠቅሰው ስለ ቶም አይደለም። ስለ ቡ ራድሊ ነው። ቡ ከቤት የማይወጣ፣ ከተማው እንደ ጭራቅ የሚያወራለት ነጭ ሰው ነው። የሜየላ አባት ቦብ ዩዌል በጨለማ የአቲከስን ልጆች ሊገድል ሲመጣ ቡ ያድናቸዋል። ዩዌል ይሞታል። የከተማው ሸሪፍ ሄክ ቴት ነገሩን ያውቃል። ግን «ዩዌል በገዛ ቢላው ላይ ወድቆ ነው የሞተው» ብሎ ይዘጋዋል። ስካውት ቡን ለፍርድ ማቅረብ ሞኪንግበርድ እንደመግደል ነው ብላ ትስማማለች።

እንግዲህ ሁለት ወፎች አሉ። አንደኛው በእርግጥ ሰው ገድሏል። ሕጉ ዓይኑን ጨፍኖ ያሳልፈዋል። ሁለተኛው ምንም አላደረገም። ሕጉ አንድ በአንድ፣ ሥርዓቱን ጠብቆ ይገድለዋል። ልዩነታቸው ቀለም ብቻ ነው። ደራሲዋ ለሁለቱም አንድ ምሳሌ ሰጥታ ሁለት የተለያየ ዕጣ ያሳየችው ለዚህ ይመስለኛል። ምሳሌው ቶምን አላሳነሰም። ከተማዋን አጋለጠ እንጂ።

ከሲያትል፦

ወንድሜ፣ ትንታኔህ ያምራል። ክፍል ውስጥ የሚሆነው ግን እንዲህ አይደለም። ልጄ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ በክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር ልጅ ነበር። ለጥቁር ሰው የሚሰነዘረው ያ የታወቀ ስድብ በመጽሐፉ ውስጥ በተደጋጋሚ አለ። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ጮክ ብለው ያነባሉ። ስድቡ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ወደ እሱ ይዞራል። ስለ ሁለት ወፎች ማንም አላወራም። ፈተናው ላይ የመጣው «ሞኪንግበርዷ የምን ምሳሌ ናት?» የሚል ነው። መልሱ «የንጽሕና» ነው። በቃ። ነጥቡን አገኘ፤ ስድቡንም ይዞ ቤት መጣ።

ደግሞ ይህን ያልኩ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። ከእኛ በስተ ሰሜን ያለው የሙኪልቲዮ የትምህርት ቤቶች ቦርድ በ2022 መምህራን ጠይቀው መጽሐፉን ዘጠነኛ ክፍል የግድ ከሚነበቡት ዝርዝር አውጥቶታል። አልከለከለውም፤ የፈለገ መምህር ያስተምረው ብሏል። ሚሲሲፒ ውስጥ ቢሎክሲ ደግሞ በ2017 ቋንቋው ሰው ያስከፋል ብለው ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አነሱት። የሁለቱ ምክንያት አንድ አይደለም። እኔ ከሙኪልቲዮ መምህራን ጋር ነኝ። የእኔ ቅሬታ ከስድቡም ይሰፋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጥቁር ሰው የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ይሠቃያል። ያመሰግናል። የፍርድ ቤቱን ትዕይንት አስታውሱ። አቲከስ ተሸንፎ ሲወጣ ለብቻቸው በሚቀመጡበት የላይኛው በረንዳ ላይ ያሉት ጥቁሮች ሁሉ ብድግ ብለው ይቆሙለታል። ቶም ሊሞት ነው! ሐዘናቸው ራሱ ለነጩ ጠበቃ ክብር ሆኖ ይቀርባል። በማግስቱም ወጥ ቤቱ በር ላይ ምግብ ቆልለውለት ይገኛል።

ከአትላንታ፦

ልጆቼ፣ እኔ ደቡብ ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። የሠራሁት በነርስነት ነው። ያስታመምኳቸው ሰዎች፣ ጥቁርም ነጭም፣ በዚያ ዘመን ልጆች የነበሩ ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ ትምህርት ቤት ሥራ ብቻ ላየው አልችልም።

መጀመሪያ ለማን እንደተጻፈ እንመልከት። በ1955 በሚሲሲፒ ኤመት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ተገደለ። ለነጭ ሴት አፏጨ ተብሎ። ነጮች ብቻ የነበሩበት ጁሪ አንድ ሰዓት ያህል ተነጋግሮ ገዳዮቹን ነጻ ለቀቀ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰዎቹ ለመጽሔት ገንዘብ ተከፍሏቸው እንደገደሉት ተናገሩ። በ1956 ኦተሪን ሉሲ የምትባል ጥቁር ሴት አላባማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ መማር ስትጀምር ሕዝቡ በድንጋይና በእንቁላል አባረራት። ሃርፐር ሊ የተማረችው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። መጽሐፉ የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ በአራት ዓመት ነው። የነጭ ቤት ገብቶ የነጭ ልጅ እንዲያነበው ነው የተጻፈው። ያ ልጅ በእናት በአባቱ ቤት «ጥቁር ሰው አውሬ ነው» እየተባለ ያደገ ነው። ለእሱ «ይህ ሰው አውሬ አይደለም» ማለት ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ያኔ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በሃኖቨር ካውንቲ፣ በ1966 መጽሐፉን ከትምህርት ቤቶች ያወጡት «ሥነ ምግባር የሌለው» ብለው ነው።

ስለ መቆማቸው ደግሞ አንተ ወንድሜ እንዳልከው አላየሁትም። ለአቲከስ ብቻ የቆሙ አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ተቀምጠው ያዩትን እኛም አይተናል ማለታቸው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ የሚያደርጉት ነገር ምን ተፈቀደላቸው?

ጠበቃው፦

እኔ ሥነ ጽሑፍ አላውቅም፤ የማውቀው ፍርድ ቤት ነው። እናንተ ወፏ ላይ ስትከራከሩ እኔን የያዘኝ በረንዳውና የጁሪው ወንበር ነው። ለእኔ ዋናው ምሳሌ የሰዎቹ አቀማመጥ ነው። ጥቁሮቹ ላይ፣ ነጮቹ ታች፣ አሥራ ሁለቱ ፈራጆች ለብቻቸው። አንዲት ቃል ሳይነገር ፍርዱ በወንበር ተሰጥቷል።

ይህ ደግሞ ከደራሲዋ ጭንቅላት ብቻ የወጣ አይደለም። በመጋቢት 1931 አላባማ ውስጥ ዘጠኝ ጥቁር ታዳጊዎች ከዕቃ ባቡር ላይ ወርደው ታሰሩ። ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፍራችኋል ተባሉ። የስኮትስቦሮ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። በ1933 ከሁለቱ ሴቶች አንዷ፣ ሩቢ ቤትስ፣ ቃሏን አጥፋ ማንም እንዳልደፈራት መሰከረች። ጁሪው እንደገና ጥፋተኛ አለ። ጠበቃቸው ሳሙኤል ሊቦዊትዝ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይዞ ሄደ። የካውንቲው የጁሪ መዝገብ ላይ የጥቁር ሰዎች ስም እንደነበረ ለማስመሰል በኋላ ተጨምሮ ነበር። ዳኞቹ መዝገቡን በማጉያ መነጽር እንዲያዩት አደረገ። ሚያዝያ 1 ቀን 1935 ፍርድ ቤቱ ጥቁሮችን ከጁሪ ዝርዝር እየለዩ ማስቀረት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ።

አሁን አስተውሉ። የቶም ችሎት በልቦለዱ የሚውለው በ1935 በጋ ነው። ውሳኔው ከተሰጠ ገና ወራት ናቸው። ጉዳዩም የዚያው የአላባማ ነው። አቲከስ ጎበዝ የሕግ ሰው ነው ተብለናል። ግን «ይህ ጁሪ እንዴት ተመረጠ?» ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አይቃወምም። የመዝጊያ ንግግሩ ግሩም ነው። ፍርድ ቤት ሁሉንም እኩል ያደርጋል ይላል። ንግግሩን የሚያደርገው ግን እኩልነቱን ላፈረሰው ጁሪ ነው። ሕጉን ሳይነካ የሰዎቹን ልብ ይለምናል። እዚህ ላይ ከሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ ጋር እገናኛለሁ። የወፏ ምሳሌ ልመና ነው። «እባካችሁ አትተኩሱ፣ ምንም አላደረገችም» ነው የሚለው። መብት ግን አይለመንም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጠበቃው ልቤን ነው የተናገርከው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ወፏን ተውኩ ማለት መጽሐፉን ጣልኩ ማለት አይደለም። ከወፏ እጅግ የሚበልጥ ምሳሌ እዚያው ውስጥ አለ። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ለምርመራ ብቻ ተነስቶ ይታለፋል። የቶም ግራ እጅ።

ሜየላ የተመታችው ቀኝ ፊቷ ላይ ነው። ስለዚህ የመታት ሰው ግራኝ ሳይሆን አይቀርም። አባቷ ግራኝ ነው። የቶም ግራ እጅ ደግሞ የማይሠራ፣ ከቀኙ ያጠረ፣ የሰለለ ነው። ብዙ መምህር እዚህ ያቆማል፤ «አያችሁ፣ ንጹሕ ነው» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ግን እጁ እንዴት ሰለለ? ልጅ ሆኖ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ውስጥ ገባበት። ይህ ማሽን ዝም ብሎ ማሽን አይደለም። ኢላይ ዊትኒ በ1794 የፈጠራ መብቱን ያገኘበት ማሽን ነው። ጥጥ ከፍሬው በእጅ ሲለቀም ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ ማሽኑ ሥራውን አፈጠነው። ጥጥ አትራፊ ሆነ። አላባማና ሚሲሲፒ በጥጥ ተሸፈኑ። ለዚያ ጥጥ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ባሪያዎች በገፍ ወደ ደቡብ ተሸጡ። እኔ አሁን የምኖርበት ሜሪላንድ ሰው ሻጭ ነበር። እንግዲህ የቶምን እጅ የበላው የባርነት ሞተር ነው። ባርነት በሕግ ካበቃ በኋላ የተወለደ ልጅ ነው፤ ማሽኑ ግን አገኘው።

ቀጥሎ ያ እጅ የሚያደርገውን ተከታተሉ። ቶም ሊምል ይነሳል። ግራ እጁን በቀኝ እጁ ደግፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ያደርገዋል። ተንሸራትቶ ይወድቃል። እንደገና ይሞክራል። ዳኛው «ይበቃል ቶም» ይለዋል። እጁ እውነት መናገሩን ሊያረጋግጥ የሚችል ማስረጃ ነው፤ መሐላው ላይ ግን ማረፍ አልቻለም። ከዚያ ሞቱ። አጥሩን ሊወጣ ሲሮጥ በጣም ፈጣን ነበር። ጠባቂዎቹ ራሳቸው ሁለት ደህና እጅ ቢኖረው ኖሮ ያመልጥ ነበር ይላሉ። ስለዚህ የገደለው ጥይቱ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑም ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የገደለው።

ወፍ ታሪክ የላትም። ማን ናት፣ ከየት መጣች አይባልም። እጁ ግን መቶ አርባ ዓመት ይናገራል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር አለ። ቶም አጥሩን የወጣው ዝም ብሎ አይደለም። ይግባኙን አልጠበቀም። በነጮች ፍርድ ተስፋ ቆርጦ የራሱን ዕድል ሞከረ። ይህ የወፍ ሥራ አይደለም። ውሳኔ ነው። አቲከስ እንኳ በነጮች ዕድል መለማመጥ ሰልችቶት የራሱን ሊሞክር ፈለገ መሰለኝ የሚል ነገር ይናገራል።

ከአራት ኪሎ፦

እጁን እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሰው የለም፤ አመሰግናለሁ። እሺ፣ ስለ ሌሎቹ ምሳሌዎች እናውራ። ያበደው ውሻስ? በየካቲት ወር ቲም ጆንሰን የሚባል ውሻ አብዶ መንገዱን እየተንገዳገደ ይመጣል። ሰው ሁሉ በሩን ይዘጋል። አቲከስ በአንድ ጥይት ይጥለዋል። ውሻው ዘረኝነት ነው፣ አቲከስ ብቻውን ይገጥመዋል ተብሎ ይተረጎማል። እኔ ይህን ትርጉም አልወደውም። እብድ ውሻ በሽታ ይዞት ነው። ጥፋት የለበትም፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። የሜይኮም ዘረኝነት ግን ጤነኛ ነው። ሻይ እየጠጣ፣ ኬክ እየበላ ያወራል። ያን የሴቶች ማኅበር አስታውሱ። አፍሪካ ውስጥ ላሉ ምስኪኖች እያለቀሱ፣ ወጥ ቤት ያለችውን ጥቁር ሠራተኛ አኩርፋለች ብለው ያማሉ።

የሚስስ ዱቦዝ አበባ ይሻላል። ሚስስ ዱቦዝ በየቀኑ አቲከስን ለጥቁር ተከራካሪ እያለች የምትሳደብ አሮጊት ናት። የስካውት ወንድም ጄም ተናዶ ነጭ የካሜሊያ አበባዎቿን በሙሉ ይቆራርጣል። ሥሩን ግን አልነቀለም። አበባው እንደገና ይበቅላል። ካሜሊያ ደግሞ ዝም ብሎ የተመረጠ አይመስለኝም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1867 ሉዊዚያና ውስጥ «የነጭ ካሜሊያ ባላባቶች» የሚባል የነጭ የበላይነት ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ልቦለዱ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1959፣ አላባማ ካሜሊያን የግዛቷ አበባ አድርጋ መርጣለች። ዘረኝነት እዚያ አበባ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ይኮተኮታል፣ ጎረቤት ያደንቀዋል።

የበረዶው ሰውም አለ። በረዶው ስላልበቃ ጄም በጭቃ ሠርቶ ላዩን በበረዶ ይለብጠዋል። ነጭነት ስስ ሽፋን ነው ለማለት። ይሄኛው ግን ትንሽ ግልጽ በዛበት።

ከአትላንታ፦

አንድ የዘለላችሁት አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ቶም ለምን የሜየላን ሥራ በነጻ እንደሠራ ሲጠየቅ አዘንኩላት ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ሚስተር ጊልመር ቃሉን ይዞ ይደግመዋል፦ አንተ? አዘንክላት? አዳራሹ ይቀዘቅዛል። ቶም የሞተው እዚያ ጋ ነው። መድፈሩን ባያምኑም ያንን ይቅር አይሉትም። ምክንያቱም አዛኝ ከፍ ብሎ ነው የሚያየው። ጥቁር ሰው ለነጭ ሰው ከፍ ብሎ ሊያዝንለት አይገባም። ሜየላ በዚያ ቆሻሻ ግቢ ውስጥ በተሰባበሩ የኢናሜል ባልዲዎች ቀይ ጄራኒየም ተክላ የምታጠጣ ምስኪን ናት። ከሁሉም የደኸየች ናት። ግን ነጭነቷ አለ። የከተማዋ ሕግ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ምንም የሌለው ነጭ ቢያንስ የሚያዝንለት ጥቁር እንዳይኖር።

ሌላም ልበል። ወንድሜ ከሲያትል፣ ጥቁሮቹ ዝም ብለው ይሠቃያሉ አልክ። ቤተ ክርስቲያኑን እንዴት ረሳኸው? ከባርነት የወጡ ሰዎች በመጀመሪያ ደመወዛቸው የገዙት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስሙም ያንን ይናገራል። የመዝሙር መጽሐፍ የላቸውም። አንዱ ስንኙን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ለእኛ ይህ አይከብድም። ቄስ ሳይክስ ለቶም ሚስት ለሄለን አሥር ዶላር እስኪሞላ በሩን ዘግተው ምእመኑን ያስቀምጣሉ። ሥራ የሚሰጣት ጠፍቶ ነበርና። ይህ ተአምር አይደለም፤ ማኅበር ነው። በዚያው ሉላ የምትባል ሴት አለች። ነጭ ልጆችን ወደ ጥቁር ቤተ ክርስቲያን ለምን አመጣሻቸው ብላ የአቲከስን ቤት ጥቁር ሠራተኛ ካልፑርኒያን ፊት ለፊት ትጠይቃታለች። ሉላ ወፍ ናት? አይደለችም።

ከሲያትል፦

እትዬ፣ ሉላን በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። ግን ስንት ገጽ ተሰጣት? ተናግራ ትጠፋለች። ሌሎቹም ወዲያው መጥፎ ሰው አድርገው ያስመስሏታል። የመጽሐፉ ልብ የት እንዳለ እኮ በዚህ ይታወቃል።

በዚያ ዘመን አላባማ በሉላዎች የተሞላች ነበረች። በ1931 የአላባማ ጥቁር ገበሬዎች የራሳቸውን የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው ነበር። ታጥቀው ነበር የሚሰበሰቡት። ካምፕ ሂል በሚባል ቦታ ተተኩሶባቸው መልሰው ተኩሰዋል። ሮዛ ፓርክስን የምናውቃት በ1955 አውቶቡስ ላይ ለነጭ ከወንበሬ አልነሳም ስትል ነው። ባሏ ሬይመንድ ፓርክስ ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ ለስኮትስቦሮ ልጆች በድብቅ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር።

አንድ ደግሞ የእኛ የሆነ አለ። ጆን ሮቢንሰን። ከቶም ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። ሚሲሲፒ ያደገ፣ አላባማ ውስጥ ተስኪጊ የተማረ ጥቁር አብራሪ ነው። በ1935፣ ልክ የቶም ችሎት በሚውልበት ዓመት፣ አዲስ አበባ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ። ፋሺስት ኢጣልያ ሲወረን ከእኛ ጋር ነበር። የአሜሪካ ጥቁሮች ጋዜጦች «ብራውን ኮንዶር» ይሉት ነበር። ኮንዶር ግዙፍ አሞራ ነው። ጥቁር ሕዝብ ለራሱ ጀግና የመረጠው ወፍ ይህ ነበር። ሞኪንግበርድን የመረጠችለት የነጭ ጠበቃ ልጅ ናት። ሮቢንሰን በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት አረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ልጄ ይህን ስም ከትምህርት ቤት አልሰማም። ቶምን ግን ያውቃል። በደንብ!

እና እኛ ሐበሾች «ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው» የምንል ካለን እንተወው። በዚያች ክፍል ውስጥ ዓይኖቹ ሲዞሩ ልጄን ከየት መጣህ ብሎ የጠየቀው የለም።

ጠበቃው፦

ወንድሜ፣ ይህ ልቤን ነክቶታል። አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጨምር። ሜይኮም የተሳለችው በደራሲዋ የትውልድ ከተማ በሞንሮቪል አምሳል ነው። ሞንሮቪል በዚህ መጽሐፍ ትኮራለች። አሮጌው ፍርድ ቤት ሙዚየም ሆኗል። በየጸደዩ ታሪኩን በቲያትር ያሳያሉ፤ ሰው ከሩቅ እየመጣ የቶምን ፍርድ አይቶ ያለቅሳል።

በዚያው ከተማ በ1987 ዋልተር ማክሚሊያን የሚባል ጥቁር እንጨት ቆራጭ አንዲት ነጭ ወጣት ገድሏል ተብሎ ታሰረ። ገና ሳይፈረድበት ሞት የተፈረደባቸው የሚታሰሩበት ቦታ ገባ። ግድያው ሲፈጸም ቤቱ ዓሣ እየተጠበሰ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ብዙ ጥቁር ምስክሮች ከእኛ ጋር ነበር አሉ። ጁሪው አንድ ሰው ሲቀር ነጭ ነበር። ችሎቱ ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም። ጁሪው ዕድሜ ልክ ይታሰር ሲል ዳኛው ሽሮ ሞት ፈረደ። ብራያን ስቲቨንሰን የሚባል ጥቁር ጠበቃ ዋናው ምስክር እንደዋሸ አሳየ። ማክሚሊያን በ1993 ነጻ ወጣ።

ማክሚሊያን ከነጭ ሴት ጋር ግንኙነት ነበረው፤ ከተማው ያውቅ ነበር። እንከን የሌለው ዘማሪ ወፍ አልነበረም። ሰው ነበር። ለወፏ የሚያለቅስ ከተማ ይህን ሰው ስድስት ዓመት አስሮታል። ስለዚህ ወፏ ልብ ታለሰልሳለች የሚለውን የእትዬን ሐሳብ ባከብርም፣ በገዛ አገሯ እንዳልሠራች አይቻለሁ።

በ2015 የወጣው የሃርፐር ሊ ሌላ መጽሐፍም አለ። ከዚህኛው በፊት የጻፈችው ነው። እዚያ አቲከስ አርጅቶ፣ ጥቁሮች ከነጮች ጋር አንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ከሚታገሉ ሰዎች ጋር ተሰብስቦ እናገኘዋለን። ብዙ ሰው አዘነ። እኔ አልገረመኝም። በሕጉ ጁሪውን ያልተቃወመ ሰው ነው።

ከአትላንታ፦

ማክሚሊያንን ያስፈታው ስቲቨንሰንም መጽሐፉን አንብቦ ነው የሚያወራበት። ልጆች፣ መጽሐፍ ከተማን አያድንም። ያንን ሸክም አትጫኑበት። እኔ የማውቀው አንዲት ነጭ አሮጊት ነበሩ፤ ለወራት ያስታመምኳቸው። ልጅ ሆነው የሠራተኛቸውን የቤተሰብ ስም እንኳ እንደማያውቁ የገባቸው ካልፑርኒያ በቤተ ክርስቲያኗ ስትናገር ያነበቡ ጊዜ እንደሆነ ነግረውኛል። ካልፑርኒያ ነጮቹ ቤት አንድ ዓይነት፣ ወገኖቿ ጋ ሌላ ዓይነት አነጋገር አላት። ስካውት ያን ቀን ነው ሌላ ሕይወት እንዳላት የሚገባት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጁን ከመጽሐፉ አታርቀው፤ አብረኸው አንብብ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የእኔን አቋም ልናገር። መጽሐፉ ይነበብ፤ ዋናውና ብቸኛው ግን አይሁን። ከወፏ አይጀመር። ከእጁ ይጀመር። ከዚያ አዘንኩላት ካለበት ገጽ፣ ከዚያ ከጁሪው ወንበር። ፈተናው ላይ «ወፏ የምን ምሳሌ ናት?» ሳይሆን «ይህ ምሳሌ ማንን ይተዋል?» ተብሎ ይጠየቅ። ከአራት ኪሎ የመጣው የሁለቱ ወፎች ሐሳብም ክፍል ውስጥ ይግባ፤ እስካሁን ከሰማሁት ለወፏ የቀረበ የተሻለ መከላከያ እሱ ነው። አሁንም ግን አላሳመነኝም። ቡም የዳነው ምስኪን ስለሆነ ነው።

ከሲያትል፦

እኔ እዚያ ድረስ አልሄድኩም። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ጥቁር ልጅ ነጮች በሚበዙበት ክፍል ይህን መጽሐፍ የግድ ያንብብ አልልም። መምረጥ ካለብኝ በሚልድረድ ቴይለር የተጻፈው «ሮል ኦቭ ተንደር፣ ሂር ማይ ክራይ» ይቅደም። ያም በ1930ዎቹ ሚሲሲፒ ነው፤ ግን የምትተርከው ጥቁር ልጅ ናት፣ ቤተሰቧም የራሱ መሬት አለው፣ መሬቱን ላለማስነጠቅ ይታገላል። እትዬ ያሉትን ግን ተቀብያለሁ፤ ከልጄ ጋር አብሬ አነባለሁ። ለትንሿ ልጄ መምህርም የምጽፈው ሁለት ነገር ነው። ስድቡ ጮክ ተብሎ እንዳይነበብ። የሃርፐር ሊ መጽሐፍ ከተሰጠም የቴይለር አብሮ፣ በዚያው ወር እንዲሰጥ። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አስተካክሎ የሚያይልኝ ካለ እዚሁ ይንገረኝ።

ጠበቃው፦

ላክልኝ፤ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። የ1935ቱን የጁሪ ውሳኔም ባንድ አንቀጽ ጨምርበት፤ መምህሯ ከችሎቱ ምዕራፍ ጋር ታስተምረዋለች።